ጀግኖቻችሁን ከመንግሥታት ጋር አትቅበሩ

የሀገሬ ሰዎች ሆይ፣ ይህን የምናገረው በደስታችሁ ላይ ውሃ ልቸልስ ብዬ አይደለም። የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሲመረቅ የተሰማችሁ ኩራት የሚገባ ኩራት ነው። ድሉ ከተገኘ 128 ዓመት ሊሞላው ቀናት ቀርተውት ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን አራዳ ላይ የቆሙት የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንና የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ሲመሰክሩ ኖረዋል። ሐውልቱን እንኳ ጣሊያን በወረራው ዘመን ከስፍራው ነቅሎ ደብቆት ነበር፤ ዳግም የቆመው ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ነው። ጠላት የመታሰቢያን ጉልበት ያውቃል፤ አንድን ሐውልት ያን ያህል የፈራው ለዚህ ነው። ስለዚህ ዘፍኑ፣ ፎክሩ፣ ሸልሉ፣ ልጆቻችሁን እየያዛችሁ ሂዱና አሳዩ። የምገሥጻችሁ ስላከበራችሁ አይደለም። አክብራችሁ ወደ ቤታችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ ስለምትሆኑት ነው።

በየዓመቱ የካቲት 23 ቀንና ሚያዝያ 27 ቀን የምናደርገውን እስቲ ሳንሸሽግ እንመልከተው። ጎፈር የደፋ፣ ካባ የደረበ፣ ደረቱ በሜዳሊያ የተሸፈነ ሽማግሌ አራት ኪሎ ከሐውልቱ ሥር ይቆማል። እንከበዋለን። አንዱ በትከሻው ላይ እጁን ይጥላል፤ ሌላው ጋሻውን ተቀብሎ እንደ ራሱ ያነግታል፤ ስልክ ብልጭ ይላል፤ የሚቀጥለው ተራው እስኪደርስ ይገፋል። ሽማግሌው ፀሐይ ላይ ቆሞ ለሁሉም ይታዘዛል። ስሙን የሚጠይቀው የለም። የት እንደተዋጋ፣ በማን ሥር እንደዘመተ፣ ደረቱ ላይ የተንጠለጠለው ምን እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። ንግግሩ ሲያበቃ የክብር እንግዶቹ በመኪናቸው ይሄዳሉ፤ እርሱ ከነካባው የታክሲ ሰልፍ ይይዛል። አጠገቡ ተሰልፎ ፎቶውን በስልኩ እየላከ ያለው ወጣት ተራውን አይለቅለትም።

በአርበኝነት ሜዳሊያ ላይ ያለውን ዘንባባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ተራ ጌጥ አይደለም። ባለቤቱ በዱር በገደል የታገለበትን ዘመን ይቆጥራል። ባለ 5 ዘንባባ የሆነ ሰው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ለጠላት ሳይገባ የቆየ ሰው ነው። ቤቱ ተቃጥሎበታል፣ ከብቱ ተነድቶበታል፣ ምናልባትም ሚስቱና ልጆቹ በእርሱ ምክንያት ታስረዋል፤ እርሱ ግን አልገባም። ይህን ሳያውቅ ሜዳሊያውን የሚስም ሰው የሚስመው ብረት ነው።

ወገኖቼ፣ ልትሰሙኝ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። ሜዳሊያ የሚሰጥ መንግሥት ነው፤ ክብር የሚሰጥ ግን ሕዝብ ነው። መንግሥት ሲለወጥ አዲሱ የቀድሞውን ሜዳሊያ ላይወደው ይችላል፤ መንግሥታት በየትም እንዲህ ናቸው። የእኛ ጥፋት እኛም አብረን ፊታችንን ማዞራችን ነው። በዚህች ሀገር ጀግና የሚኖረው ሜዳሊያውን ያንጠለጠለለት መንግሥት እስካለ ድረስ ብቻ ሆኗል። መንግሥቱ ሲወድቅ ጀግናውንም አብረን እንቀብረዋለን፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ሌላው መንግሥት ሲያወጣው ደግሞ ቀድመን እልል የምንለው እኛው ነን።

ከበላይ ዘለቀ እንጀምር። ጎጃም ውስጥ ጠላትን አምስት ዓመት ሙሉ መግቢያ መውጫ ያሳጣ፣ ጣሊያን በጦርም በሽንገላም ሊይዘው ያልቻለ ሰው ነበር። ነጻነት በተመለሰ በአራተኛው ዓመት፣ በ1937 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ በገዛ ሀገሩ መንግሥት ፍርድ ተሰቀለ። የቀረበበትን ክስ እዚህ አልመረምርም፤ እርሱን ታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከሩበት። የማስታውሳችሁ የዘመኑን መንፈስ ነው። ከጠላት ጋር ያደሩ ሰዎች ሹመት ሲያገኙ፣ በረሃ የከረሙት ደጅ ይጠኑ ነበር። ሀገሬው ይህን አይቷል፣ በየቤቱም አንጎራጉሯል፣ አደባባይ ላይ ግን ለአዲስ ተሿሚ እጅ መንሳቱን አልተወም። ዛሬ በበላይ ስም የማይፎክር የለም። በሕይወት ሳለ ስንት ሰው ከጎኑ እንደቆመ ግን እንጠይቅ።

ቃኘው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚያ ላይ ያለው እፍረት ከሁሉ ይበልጥ ያንገበግበኛል።

ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። ራስ መኮንን ዓድዋ ላይ የተዋጉበት ስም ከ50 ዓመታት በላይ ቆይቶ የክቡር ዘበኛ ወታደሮች ወደ ኮርያ ሲዘምቱ የሻለቃቸው መጠሪያ ሆነ። ዘመኑ 1943 ዓ.ም. ነበር። ብዙዎቹ ኮርያ የምትባል ሀገር በካርታ ላይ የት እንዳለች እንኳ ከመዝመታቸው በፊት አያውቁም ነበር። የዘመቱበትን ምክንያት ግን መሪዎቻቸው ያውቁታል። በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ጄኔቭ ላይ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ብላ ሰሚ አጥታለች፤ የተወረረን ሀገር ዓለም በጋራ ካልተከላከለለት ምን እንደሚደርስበት በራሷ ሥጋ ቀምሳዋለች። ስለዚህ ሌላዋ ስትወረር ልጆቿን ላከች። ተራ በተራ ከ6,000 በላይ ወታደር ዘመተ። ከ120 በላይ ወደቁ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ በጠላት እጅ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም። በዚያ ብርድ፣ ከዚያ በፊት አይተውት በማያውቁት በረዶ ውስጥ እየተዋጉ፣ ወላጆቻቸውን ጦርነት ለነጠቃቸው የኮርያ ሕፃናት ከደመወዛቸው አዋጥተው ማሳደጊያ ቤት አቋቋሙ። ይህን ለልጆቻችን ስንቶቻችን ነግረናል? ፉከራውን ነግረናቸዋል። ወታደር ከደመወዙ ቀንሶ የሰው ሀገር ሕፃን ማብላቱን አልነገርናቸውም። ለእኔ ይኸኛው ጀግንነት ከዚያኛው አያንስም።

ከዚያስ? 1967 ዓ.ም. መጣ፤ ንጉሡ ወረዱ። አዲሱ መንግሥት ወዳጅነቱን ከሰሜን ኮርያ ጋር አደረገ። ለደቡቡ የተዋጉት ሰዎች በገዛ ሀገራቸው የማይመቹ ሰዎች ሆኑ። ስለ ዘመቻው ማውራት ለብዙዎቹ ኩራት መሆኑ ቀርቶ ጭንቀት ሆነባቸው፤ ሜዳሊያ ከሣጥን ሥር ገባ። አዲስ አበባ ውስጥ ኮርያ ሰፈር የሚባል ቦታ አለ። ስሙን በየቀኑ እንጠራዋለን፣ ታክሲ እንሳፈርበታለን፤ ለምን እንዲህ እንደተባለ ግን ቆም ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። የዘመቱት ሰዎች ሰፈር ስለነበረ ነው። በእርጅናቸው ዘመን በድህነት የኖሩት እዚያ፣ በመካከላችን ነው።

ደቡብ ኮርያውያን ግን አልረሱም። ቹንቾን በምትባል ከተማቸው ለእኛ ወታደሮች መታሰቢያ አቁመዋል፤ የእኛ ልጆች የወደቁበትን ታሪክ የሚያሳይ ሙዚየምም አላቸው። የአርበኞቹን የልጅ ልጆች ወስደው ያስተምራሉ። እዚህም መጥተው ይጠይቃሉ፣ ያሳክማሉ። በአፍንጮ በር በቆመው የኮርያ ዘማቾች መታሰቢያ የአበባ ጉንጉን ሊያኖሩ ከባሕር ማዶ ይመጣሉ። እናንተ ግን በዚያው በር በየቀኑ የምታልፉት፣ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? በግንቡ ላይ ከተጻፉት ስሞች አንዱን ታስታውሳላችሁ? አባቶቻችን ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይላሉ። እኛ የወርቁን ብድር ለባዕድ አስመልሰን፣ ጠጠሩን ለራሳችን ያስቀረን ሰዎች ነን። ይህ ሊያሳፍረን ይገባል፤ እንዲያሳፍረንም እፈልጋለሁ።

ቀጥሎ የመጣው የኦጋዴን ጦርነት ነው። የሶማሊያ ጦር በ1969 ዓ.ም. ድንበር ጥሶ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ጅጅጋን ያዘ፤ ድሬዳዋና ሐረር ተከበቡ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ የኢትዮጵያ ጦር ከኩባ ወታደሮች ጋር ሆኖ ጅጅጋን አስመለሰ። ቸርችል ጎዳና ላይ የቆመው ትግላችን ሐውልት የዚያ ጦርነት መታሰቢያ ነው። ሻለቃ ይሁን ጄኔራል፣ ሚሊሺያ ይሁን አብራሪ፣ በዚያ ዘመን ደረቱ ላይ የጀግና ሜዳይ የተደረገለት ሰው ስሙ በሬዲዮ ይነገር፣ ሕፃናት በትምህርት ቤት ስለ እርሱ ይዘምሩ ነበር። የአየር ኃይሉ አብራሪ ለገሠ ተፈራ አንዱ ነው። አውሮፕላኑ ተመትታ በጠላት እጅ ወደቀ፤ በሶማሊያ እስር ቤት 11 ዓመት ቆየ። በ1980 ዓ.ም. በምርኮኛ ልውውጥ ሲመለስ ሀገር ወጥቶ ተቀበለው። ሦስት ዓመት አለፈና ያገለገለው ሠራዊት በአንድ ጊዜ ተበተነ።

1983 ዓ.ም.ን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ካራማራ ላይ የወጣው ሰው በየመንገዱ ዳር ተቀምጦ እጁን ለምጽዋት ዘረጋ። የወታደር ካፖርቱን አላወለቀም፤ ሌላ ልብስ አልነበረውም። አንዳንዱ የተሸለመውን ሜዳይ አውጥቶ ያሳይ ነበር፤ የሚያስታውሰው ቢኖር ብሎ። እኛስ ምን አልነው? የደርግ ወታደር አልነው። ካራማራን ያስመለሰው ግን በቢሮ የተቀመጠው ሹም አልነበረም፤ ከገጠር ተነሥቶ፣ ጥቂት ወር ሠልጥኖ፣ ጫማው ሳይስማማው ወደ ኦጋዴን የሄደ የገበሬ ልጅ ነው። ስለ ገዢዎቹ ያለን ፍርድ ምንም ይሁን፣ የእርሱን ደም ለእነርሱ ዕዳ ማወራረጃ ማድረግ አልነበረብንም። በዚያው ጦርነት ለወደቁት ወታደሮች ልጆች አላጌ ላይ ተቋቁሞ የነበረው የሕፃናት አምባም መንግሥቱ ሲወድቅ ተበተነ። አባቱን ለሀገር የሰጠ ልጅ ሀገሩን ሁለተኛ ጊዜ ወላጅ አድርጎ አገኘ፤ እርሷንም በአንድ ክረምት አጣት። ያን ጊዜ ከእነዚያ ልጆች አንዱን ቤቱ ያስጠጋ ሰው ካለ፣ እርሱ ይህን ተግሣጽ አልፎት ይሂድ፤ ለእርሱ የምለው የለኝም።

ዛሬ የካቲት 26 እንደገና መታሰብ ጀምሯል፤ ደስ ይለኛል። ነገር ግን በ1970 ዓ.ም. 20 ዓመቱ የነበረ ዘማች አሁን ወደ ሰባ እየተጠጋ ነው። በ20 ዓመቱ ኮርያ የዘመተ ዘጠናን አልፏል። ከአምስቱ ዓመት አርበኞችማ በሕይወት ያሉት የጣት ቁጥር ናቸው። እኛ ስንወደውና ስንተወው፣ መንግሥት ሲሰቅለውና ሲያወርደው፣ ሰውየው ያረጃል። የሚጠብቀን ጊዜ የለውም።

አውቃለሁ፤ ብዙዎቻችሁ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው ትላላችሁ። ጡረታው፣ ሕክምናው፣ መጠለያው የመንግሥት ዕዳ ነው፤ እርሱን ሳትሰለቹ ጠይቁ፣ አቤቱታ ጻፉ፣ የምክር ቤት ተወካያችሁን አስጨንቁ። ይህን በማድረግ ያጠፋ የለም። ነገር ግን የታክሲ ተራ መልቀቅ ከየትኛው በጀት ይወጣል? የአዛውንትን ታሪክ ቁጭ ብሎ መስማት የየትኛው ሚኒስቴር መመሪያ ያስፈልገዋል? በአንድ ግቢ ስትኖሩ ደረጃ መውጣት ያቃተውን የቀድሞ ወታደር ክንዱን መያዝ በአዋጅ የሚታዘዝ ነገር ነው? መንግሥት ይሁን ብለን የተውነው ነገር ሁሉ መንግሥት ሲለወጥ አብሮ መለወጡን እኮ አየን። የሕዝብ የሆነው ብቻ ነው ሳይለወጥ የሚኖረው። ዓድዋ ራሱ የቆየው ለዚህ ነው። ንጉሥ ሲመጣና ሲሄድ፣ በዓሉን አንዱ ሲያደምቀው ሌላው ሲያቀዘቅዘው፣ ሕዝቡ አልለቀቀውም። ድሉን እንዳልለቀቃችሁት ሰዎቹንም አትልቀቁ ነው የምለው።

ለአርበኛ ልጆችና የልጅ ልጆች የምለው አለኝ፤ ይህን በቁጣ ነው የምናገረው። የአባታችሁን ሜዳሊያ የት አደረጋችሁት? በቸርችል ጎዳና በቅርሳ ቅርስ መሸጫ መስታወት ውስጥ የተደረደሩት ኒሻኖችና ሜዳሊያዎች ከሰማይ አልወረዱም። ከቤት ወጥተው ነው። ችግር ያስገደደው ሰው አለ፤ እርሱን አልፈርድበትም፤ አፍሮ ሊደበቅ የሚገባው ጎረቤቱ ነው። ነገር ግን ሳይቸግረው፣ ይህ ያረጀ ብረት ምን ያደርጋል ብሎ የሸጠ ብዙ ነው። ሜዳሊያውን ከሸጣችሁት የማን እንደነበረ የሚናገር ምንም አይቀርም። የገዛው ቱሪስት ያባታችሁን ስም አያውቅም። ቢያንስ ፎቶግራፉን፣ የምስክር ወረቀቱን፣ የሠራዊት መታወቂያውን፣ ከግንባር የጻፈውን ደብዳቤ አንድ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ማስቀመጥ ካቃታችሁ ወደ ብሔራዊው ቤተ መዛግብት፣ ወደ ወመዘክር፣ ወይም ስድስት ኪሎ ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ውሰዱት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚያው በተቋሙ ግቢ ነው፤ ለአባታችሁ ወረቀት ከዚያ የተሻለ ማረፊያ አታገኙም።

በተቃራኒው ደግሞ ያልተዋጉበትን ሜዳሊያ ከገበያ ገዝቶ በበዓል ቀን አንጠልጥሎ የሚወጣ አለ። ይህን የምታደርጉ ተዉ። የሌላ ሰው ደም ነው።

ዓድዋ የማን ነው እያላችሁ በምትጨቃጨቁት ላይ ብዙ ቃል አላባክንም። ራስ አሉላና ራስ መንገሻ ከትግራይ፣ ራስ ሚካኤል ከወሎ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከጎጃም፣ ራስ መኮንን ከሐረር ነበር የመጡት። ባልቻ ሳፎ መድፍ ተኩሷል፤ ፊታውራሪ ገበየሁ እዚያው ወድቋል። ከእነርሱ በስተኋላ ስማቸውን የማናውቀው፣ ከአራቱም ማዕዘን በእግራቸው የመጡ ወደ መቶ ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ነበሩ። ሙዚየሙ ውስጥ ቆማችሁ የእኔ ወገን ሐውልት ይበልጣል ያንሳል እያላችሁ ስትለኩ ሳይ እነዚያን መቶ ሺህ ሰዎች እያሰብሁ አዝናለሁ።

ሴቶቹንም ከበዓላችሁ አታርቁ። እቴጌ ጣይቱ መቀሌ ላይ በምሽግ ውስጥ ያለውን ጠላት ውሃውን በመያዝ እንዳስጨነቁት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ነገር ግን ባሏ ደጃዝማች አበራ ካሣ ከተገደለ በኋላ ጦር ይዛ የተዋጋችውን ከበደች ሥዩምን፣ የውስጥ አርበኛዋን ሸዋረገድ ገድሌን፣ ታስራ ወደ ጣሊያን ሀገር የተጋዘችውን ስንዱ ገብሩን ለሴት ልጆቻችሁ በስማቸው ንገሯቸው። አርበኛ ሲባል ጺም ያለው ሽማግሌ ብቻ የሚታያት ልጅ ግማሹን ታሪኳን አጥታለች።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ልጅን ወደ ጦርነት ሙዚየም ወስዶ መድፍና ጎራዴ ብቻ አሳይቶ መመለስ ግማሽ እውነት መንገር ነው። ዓድዋ ላይ በአንድ ቀን ከእኛ ወገን ብቻ በሺዎች ወድቀዋል። ማይጨው ላይ በባዶ እግሩ የሄደ ሠራዊት ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ዘንቦበታል። ድል የሚገዛው በዚህ ዋጋ ነው፤ ይህን ያላወቀ ልጅ ድልን ጨዋታ ያደርገዋል። ትልልቆቹም እንዲሁ ሆናችኋል። በወራሪ ላይ የተፎከረውን የዓድዋ ፉከራ ወስዳችሁ በገዛ ወንድማችሁ ላይ የምትፎክሩ አላችሁ። በሞቀ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ የሌላውን እናት ልጅ ወደ እሳት የምትሸኙ አላችሁ። የአባቶቻችን ድል ለዚህ አልተገኘም። ዓድዋን ለእርስ በርስ ጦርነት ማሟሟቂያ የሚያደርግ ሰው ፒያሳ ሄዶ አበባ ባያስቀምጥ ይሻላል።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት በተፈረመበት ጦርነት እግራቸውን፣ ዓይናቸውን፣ እጃቸውን ያጡ ወጣቶች በየከተማውና በየገጠሩ አሉ። ከዚያ በፊት በ1990 ዓ.ም. በጀመረው የድንበር ጦርነት የቆሰሉ አሉ። ወንድም ከወንድሙ ለተዋጋበት ጦርነት ሰልፍ ይውጣለት እያልሁ አይደለም። ነገር ግን ክራንች ይዞ በፊታችሁ ያለፈውን ልጅ በየትኛው ወገን እንደተሰለፈ ከመጠየቃችሁ በፊት ቁጭ የሚልበት ወንበር ስጡት። በ1983 ዓ.ም. በመንገድ ላይ የጣልናቸው ታላላቅ ወንድሞቹ ናቸው። ሁለተኛ ጊዜ ያንኑ ኃጢአት ከሠራን የምናቀርበው ምክንያት የለንም።

ምን እናድርግ ለምትሉኝ፣ መጀመሪያ ስልካችሁን ለሌላ ሥራ አውሉት። ከሽማግሌው ጋር ፎቶ ከመነሣታችሁ በፊት ፈቃዱን ጠይቁና ድምፁን ቅረጹ። አባባ፣ ስምዎ ማን ነው? የትኛው ክፍለ ጦር፣ የትኛው ሻለቃ ነበሩ? አዛዥዎ ማን ይባላል? አጠገብዎ የወደቀው ማን ነው፣ ሀገሩስ የት ነበር? ምን ትበሉ ነበር? ፈርተው ያውቃሉ? ጀግና እንደሚፈራ የሚናገረው እርሱ ብቻ ነው፤ ከእርሱ ሌላ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። አታቋርጡት፤ ታሪኩ ወደ ከብቱና ወደ ሠርጉ ቢሄድም ይሂድ፤ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ ቀኑንና ቦታውን ጻፉበት፤ ለቤተሰቡ አንድ ቅጂ ስጡ። በሙዚየሙ ግድግዳ ላይ የአዛዦቹ ስም አለ፤ የወታደሩ ድምፅ ግን እስካሁን ያለው በየሰፈሩ፣ በየአልጋው ላይ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የእድራችሁ ነው። ሀገራችን ውስጥ በየመንደሩ ካለ እድር የበለጠ ሰው በሰው የሚተዋወቅበት ማኅበር የለም። የቀድሞ ወታደር ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ የዘመተበትን ሰምተን እንደነቃለን። ጎረቤት ሆነን ሃያና ሠላሳ ዓመት ኖረን፣ ካራማራ ላይ እንደነበረ የሰማነው አስከሬኑ ፊት ቆመን ነው። ይህ ይብቃ። በሚቀጥለው ወር የእድር ስብሰባ ላይ አንድ አጀንዳ አስይዙ፤ በሰፈራችን የዘመተ፣ የቆሰለ፣ ባሏ ወይም አባቷ በጦር ሜዳ የቀረባት ማን ማን አለ? በመዝገብ ይጻፍ። ማን ብቻውን ይኖራል፣ ማን መድኃኒት አቋርጧል፣ የማን ጡረታ ወረቀት ጠፍቶበት የሚከታተልለት አጥቷል፣ ይህም ይጻፍ። ለእያንዳንዳቸው አንድ ወጣት ይመደብ፤ የጡረታ ቀን አብሮ ይሰለፍ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ያድርስ፣ የበዓል ዕለት ከቤት አንሥቶ ወስዶ ከጥላ ሥር ወንበር ያስቀምጥለት፣ ሲያበቃም ከቤቱ በር ያድርሰው። ሰብሳቢው ይህ በደንባችን ውስጥ የለም ቢላችሁ፣ ደንቡን የጻፍነው እኛው ነን በሉትና በዚያው ስብሰባ አሻሽሉት።